ለሕፃኗ ጥቅም ሲባል

«የምራቅ ምርመራ» የሚለውን ነገር ከዲጃ መጀመሪያ ስትሰማ ሳቀች። የነገረቻት ከባሕር ማዶ የምትደውለው እህቷ ጁወይሪያ ናት። «የእኔንና የሳምራን ምራቅ ወስደው ያስተያዩታል አሉ። ወደ እኔ እንድትመጣ ከመፍቀዳቸው በፊት ልጄ መሆኗን ለማረጋገጥ ነው» አለቻት። ከዲጃ አሰላ ገበያ ዳር ባለችው ሱቋ ቆማ ለአንዲት ደንበኛ በሶ እየመዘነች ነበር። ከዚያ ነገሩ ገባት። እጇ ማፍሰሱን ስላላቆመ በሶው ከሚዛኑ አልፎ መደርደሪያው ላይ ተበተነ፤ ደንበኛዋ ናት «ኧረ ከዲ!» ብላ ያነቃቻት።

የደነገጠችው ያለ ነገር አይደለም። ሳምራን የወለደቻት ጁወይሪያ አይደለችም። የወለደቻት ራሷ ከዲጃ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁወይሪያ አግብታ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጅ ሳታገኝ ቆየች። ያውም ስንቱን ሐኪምና ስንቱን አዋቂ አዳርሳ! በዘጠነኛው ዓመት ታናሿ ከዲጃ ሁለት ወንዶች ወልዳ ሦስተኛውን አረገዘች። እህትማማቾቹ የተነጋገሩት ገና ሆዷ ሳይገፋ ነው። በአርሲ አገር ጉዲፈቻ የውሰት ዕቃ አይደለም፤ ልጅ ከተሰጠ ተሰጠ ነው። ከዲጃ ጎበሳ አባቷ ቤት ሄዳ ወለደች። በሦስተኛው ቀን አራት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ወተት ተቀመሰ፣ አራሷም ማለች፦ «ወልጄ ሰጠኋት አልልም። ለባዕድ አልናገርም፣ ለራሷም አልናገርም። ብናገር የሰጠሁትን እንደቀማሁ ይቆጠርብኝ።» የመንደሩ ሼክ «ማሳደግ አጅር፣ ምንዳ አለው፣ ዘር ግን አይለወጥም» ብለው ጉሮሯቸውን ጠርገው ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። የጎበሳ ዘመድ ሁሉን ያውቃል፤ አውቆ ዝም ማለት የእሱም ግዴታ ነው። አሰላ ስትመለስ ግን ለጎረቤት ምን ትበል? «አልተረፈችም» አለች። ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጥቶ አፅናናት። ለሕያው ልጇ እንደ ሙት ለቅሶ ተቀመጠች፤ ይህ ነገር ያን ጊዜም ደስ አላላትም፣ ከዚያ በኋላም ትዝ ባላት ቁጥር ሰውነቷን ይወርራት ነበር።

ሳምራ ጢቾ፣ የጁወይሪያና የመምህሩ የሙንተሲር ልጅ ሆና ሰባት ዓመት አደገች። ከዚያ ያ የተቃውሞና የእስር ጊዜ ግርግር መጣ። ሙንተሲር ታሰረ፤ ተፈትቶም ብዙ አልቆየ፣ ሞተ። ጁወይሪያን ፍለጋ ሁለት ጊዜ ሰዎች መጡ፤ ሦስተኛውን አልጠበቀችም። በመተማ ወደ ሱዳን፣ ከዚያ ሊቢያ፣ ከዚያ ያን ባሕር ተሻግራ አውሮፓ ጥግ አንዲት ብርዳም ከተማ ደረሰች። ልጅቷን ለማን ትታት ትሂድ? ለእህቷ ነዋ! የከዲጃ ባል ሙህሲን ያኔ በሕይወት ነበር፤ ልጅቷ ቦርሳዋን ይዛ ከመኪና ስትወርድ ጓዳ ገብቶ ሲያለቅስ ከዲጃ አይታዋለች። እሱ በዓመቱ ሞተ። እሷ ግን ልጇን የእህቷ ልጅ ብላ ተቀብላ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ «አክስቴ» እየተባለች አሳደገቻት። ፀጉሯን ስትጎነጉን፣ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት አቅፋት ስትቀመጥ፣ አንድም ቀን አፏ አላመለጣትም። ይህን የሚችል አንጀት በየቤቱ አይገኝም።

«ጁወይሪያ» አለች ከዲጃ በስልኩ፣ ደንበኛዋን ከሸኘች በኋላ፣ «ስትጠየቂ ምንድን ነበር ያልሻቸው?»

«አስተርጓሚው ‹የወለድሻት ናት ወይስ የጉዲፈቻ?› አለኝ። ምን ልበለው? ልጄን ጉዲፈቻ ብዬ ልሰድባት? የወለድኳት ናት አልኩ።»

ጉድ እኮ ነው። ቃሉ ከእኛው ከኦሮሞ አገር ተነስቶ የመንግሥት ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል፤ በባለቤቱ አገር ግን በጉዲፈቻ የመጣን ልጅ ጉዲፈቻ ብሎ መጥራት ነውር ነው። ጁወይሪያ እንደ ሥርዓቷ እውነቱን ተናገረች፤ በፈረንጅ መዝገብ ላይ ግን ውሸት ሆኖ ተጻፈ።

«ታዲያ ምርመራው…»

«አንቺ ደግሞ! እህትማማች አይደለን? ደማችን አንድ አይደል? ምን ይለየዋል?» አለች ጁወይሪያ። ከዲጃም ሌላ ማመን ስላልቻለች ይህንኑ አመነች።

ልጅቷን ለምርመራው አዲስ አበባ የወሰደቻት ራሷ ከዲጃ ናት። አንዲት ነጭ ካፖርት የለበሰች ልጅ ሳምራን አፍሽን ክፈቺ ብላ ጉንጯን በውስጥ በኩል በጥጥ ጠረገች፤ ከዚያ ጥጡን በፖስታ አሸገችው። ሳምራ ስትወጣ ትስቃለች። «አክስቴ፣ ይኸው ነው? እኔ እኮ መርፌ መስሎኝ ስንት ዱዓ አደረግሁ!» አለች። ወደ አሰላ ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ የዚያን አገር ቋንቋ ከስልኳ እየሰማች ታነበንብ ነበር፦ በረዶ፣ ዳቦ፣ እናት። እናት የሚለውን ከዲጃም በግዷ ተማረችው። ዴራ ላይ መኪናው ቆሞ ሰው ሲወርድና ሲወጣ ከዲጃ የልጅቷን አፍ እያየች ነበር። ያ ጥጥ እዚያ አፍ ውስጥ ምን አግኝቶ እንደሄደ እሷ ታውቃለች።

ውጤቱ በኅዳር መጣ። ከዲጃ ደብዳቤውን ይዛ የሄደችው ጋሼ ወልደሰንበት ዘንድ ነው። ጋሼ ወልደሰንበት አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው አሰላ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ግን ንግድ አልሆንላቸው ብሎ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ከወጡም ወዲህ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ አንድ ኮምፒውተር አስቀምጠው ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ የውጭ ደብዳቤ ይተረጉማሉ፣ በትርፍ ጊዜያቸው መንግሥታትን ይሰድባሉ።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እህትሽን ውሸታም ይላል» አሉ በመጨረሻ። «በትህትና ነው የሚለው። እነዚህ ሰዎች ሲሰድቡም ‹በአክብሮት› ብለው ነው። አመልካቿ የልጅቷ እናት አይደለችም፣ አክስት ሳትሆን አትቀርም ይላል። በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ ፋይሉ ይዘጋል።»

ከዲጃ የሻርፗን ጫፍ ትቋጥር ጀመር።

«ከዲጃ ልጄ፣ ይቺ ልጅ የማን ናት?»

ከዲጃ ከቋጠሮው ቀና አላለችም። ጋሼ ወልደሰንበት ዕድሜያቸውን ሙሉ የምስክር ፊት ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መነፅራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ገባኝ። ለእኔ አትንገሪኝ። መስማት ያለበት ሌላ ነው። ሕጋቸው የጉዲፈቻን ልጅ ከተወለደ ልጅ እኩል ያያል፤ መጥፎ ሕግ አይደለም። ግን የፍርድ ቤት ማኅተም ይፈልጋል። ፍርድ ቤቱ ደግሞ የወለደችው እናት ቆማ ‹እኔ ወልጄ ሰጥቻለሁ› እንድትል ይፈልጋል።»

«ሌላ ሰው ቢልላትስ ጋሼ? እርስዎ ቢጽፉላትስ?»

«አፍ በውክልና አይሰጥም» አሉ። «ልጅቷም ቀርባ ትጠየቃለች። ነፍስ ያወቀች ልጅ ናት፤ ሳትሰማ አይሆንም።»

ከዲጃ ወደ ቤቷ በእግሯ ተመለሰች። ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም ሰፈሩን ስለሞላው ባጃጆቹ በቀን መብራት አብርተው ይሄዱ ነበር። እየሄደች አንድ ሐሳብ መጣላት፦ ምንም ባታደርግስ? ሠላሳ ቀን ብቻ ዝም ብትል፣ መሐላዋ አይፈርስ፣ ልጅቷም ከቤቷ አትወጣ። ማንም አይወቅሳትም፤ ፈረንጅ ከለከለ ይባላል። ደስ አላት። ይህን ምን ይደብቁታል፣ ልቧ ድረስ ደስ አላት። ከዚያ ራሷን ፈራች። ቤት ስትደርስ ሳምራ የግድግዳው መስታወት ፊት ቆማ ከጁወይሪያ ጋር በቪዲዮ እያወራች፣ ጁወይሪያ የምትገዛላትን ወፍራም ጃኬት ቀለም እያስመረጠቻት ነበር። «ቀዩን እማዬ! ቀዩን!» ትላለች። ጁወይሪያ በዚያ ማዶ ከስታ፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ጃኬቱን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። ልጅ ከተሰጠች በኋላ የእናቷ ናት። ከዲጃ ያን ማታ ለመናገር ወሰነች።

በማግስቱ በሚኒባስ ጎበሳ ወረደች። ከአራቱ ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት አባ ሀሰኖ ብቻ ናቸው። ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ እየሞቁ አገኘቻቸው፤ የመጣችበትን ስትነግራቸው ረጅም ጊዜ መሬቱን በበትራቸው ጫሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ፣ «ዱጋ፣ እውነት መናገር ኃጢአት አይደለም። እኛ ያን ቀን ያስማልንሽ እንድትዋሺ አልነበረም፤ ልጅቷ አንድ ቤት፣ አንድ እናት እንዲኖራት ነው። አሁን ደግሞ ለእሷ ብለሽ ልትናገሪው ነው። ትክክል ይመስላል።»

«እንግዲያ ይፍቱኛ፣ አባ!»

«አራት ሆነን አሰርንሽ። ሦስቱ አፈር ውስጥ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ሸንጎ አይሆንም።» ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል፤ ቢሆንም እሷ ያለችበትን አቅጣጫ አልሳቱትም። «አሰላ መጥቼ እመሰክርልሻለሁ። መሐላው ግን መንገዱን ያውቃል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚያርፍ እኔም አላውቅ፣ አንቺም አታውቂ።»

ምን ታድርግ? ቀኑ እየሄደ ነው። ጋሼ ወልደሰንበት አቤቱታውን ጻፉ፣ ቀጠሮ ተያዘ። ከዲጃ ለሳምራ አስቀድማ ልትነግራት ስንት ጊዜ አፏን ከፈተች! አንድ ቀን «ሳምራ» ብላ ጀምራ «ጨው አቀብዪኝ» ብላ ጨረሰች። የችሎቱ ቀን ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው በመጨረሻ «ሳምራዬ፣ ዛሬ እዚያ የምትሰሚው ነገር አለ» አለች።

«ምንድን ነው?»

ልጅቷ ፀጉሯን ራሷ ተሠርታ፣ ሻርፗን አሳምራ፣ እንደ ዒድ ቀን ለብሳለች። ከዲጃ ፊቷን አየችና ወኔዋ ከዳት። «ለወረቀቱ ነው» አለቻት። «ወረቀቱ እንዲያልቅ ነው።»

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናቸው፤ ሰው ሁሉ እንዲወጣ አዝዘው ችሎቱን ዘጉት። አባ ሀሰኖ መሰከሩ። ከዚያ ከዲጃ ተነሳች። የአግዳሚውን ጠርዝ ያዘች። ያን ሁሉ ዓመት አፏ ውስጥ የኖረ ቃል ሲወጣ ይከብዳል ብላ ነበር፤ እንዲያውም ቀለላት፣ እየሮጠ ወጣ። «ሳምራን የወለድኳት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ለእህቴ ሰጠኋት። ፈቅጄ ነው፣ ባሌም ፈቅዶ ነው። እህቴ ከተሰደደች ወዲህ ያሉትን ሰባት ዓመታት ያሳደግኋትም እኔው ነኝ» አለች።

ዳኛዋ ጻፉ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው ድምፃቸውን አለስልሰው «ሰምተሻል አይደል? አንቺ ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?» አሏት።

ሳምራ ግድግዳውን እያየች «ከእናቴ ጋር» አለች። ከዚያ የቱን እናት እንዳለች እንዳይጠፋባቸው ብላ ይመስላል፣ «ከጁወይሪያ ጋር» ብላ ጨመረች። ዳኛዋ ጉዲፈቻውን አጸደቁት።

ውጭ ሲወጡ አባ ሀሰኖን ወደ መኪና ተራ ሸኟቸው። ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ሳምራ ቆመች። «ለወረቀቱ ነው አይደል ያልሽው?» አለች። ከዲጃ አዎ ማለት ትችል ነበር። አዎ ብትል ምን ነበረበት! ምላሷ ግን አንዴ እውነትን ቀምሶ እንቢ አለ። ልጅቷ ጥቂት ጠበቀች፣ ራሷን ነቀነቀችና ቀድማት ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አክስቴ» ማለት ተወች። ሌላ ስምም አልተካችበትም። «ሰው መጣ» ትላለች፣ «በሶ አለቀ» ትላለች። አንድ ቤት ውስጥ መጠሪያ ስም ሳይኖራት መኖር ምን እንደሚመስል ከዲጃ ያን ሰሞን አወቀችው። ሁለት ወር ብቻ ነው ብላ ራሷን አፅናናች፤ ሁለት ወር፣ ከዚያ ልጅቷ ትሄዳለች፣ የተፈጸመውም በደል ትርጉም ያገኛል።

መልሱ በጥር መጨረሻ መጣ። ጋሼ ወልደሰንበት ልብሳቸውን ሳይቀር አስተካክለው ተቀመጡና ጮክ ብለው መተርጎም ጀመሩ። «የስደተኞች ጉዳይ ቢሮው የወላጅ እናቲቱን ምስክርነት መርምሮ ግልጽ፣ ዝርዝርና ሙሉ በሙሉ የሚታመን ሆኖ አግኝቶታል።»

«አመኑኝ?» አለች ከዲጃ።

«አምነውሻል።»

«አልሐምዱሊላህ!» እጆቿን ዘርግታ ፊቷን አበሰች።

ጋሼ ወልደሰንበት ግን ማንበባቸውን ቀጥለው፣ ድምፃቸው እየወረደ፣ እየወረደ መጣ። በመጨረሻ ለራሳቸው ብቻ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ጀመር።

«ጋሼ?»

«ችግሩ ማመናቸው ነው» አሉ።

«እንዴት?»

«ስሚ እንግዲህ። ‹የጉዲፈቻው ሕጋዊነት አያከራክርም። ሆኖም በሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን መሠረት በሕፃን ላይ በሚሰጥ ውሳኔ ሁሉ የሕፃኑ ጥቅም ይቀድማል፤ ሕፃን ከወላጆቹ ሊለይ አይገባም። ሳምራ ያለፉትን ሰባት ዓመታት የኖረችው ከወለደቻት እናቷ ጋር፣ በፍቅርና በእንክብካቤ ተይዛ መሆኑ ከምስክርነቱ ተረጋግጧል። አሁን ከወላጅ እናቷ መለየት ይጎዳታል። ስለዚህ ለሕፃኗ ጥቅም ሲባል ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም።›»

ከዲጃ የገባት ወዲያው አይደለም። «አሳድጌያት ነው? ጥሩ አድርጌ ስላሳደግኋት?»

«አዎ።»

«ያ ሕግ ለማን ነው የወጣው ጋሼ?»

«ለሳምራ ነው። እንደ ሳምራ ላሉ ልጆች ነው» አሉ። ወረቀቱን ከፊታቸው አራቁት። «አዛኝ ቅቤ አንጓች ብዬ ልሰድባቸው ነበር፤ እሱም አይሆንም። ክፉዎች ቢሆኑ እኮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ከልባቸው አዝነውላት ነው። አንድ ሰው እዚያ ማዶ ተቀምጦ፣ እናቷን እንዳታጣ ብሎ፣ ይህን በርኅራኄ ጻፈው።»

«ይግባኝስ?»

«አለ። ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ያኔ ሳምራ ሕፃን አትባልም፤ ሕፃን ካልሆነች ደግሞ ይህ በር ለእሷ በር አይደለም።» ከዚያ ተነሥተው እስከ በሩ ሸኟት።

ከዲጃ ቤቷ ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ለጁወይሪያ ጠበቃዋ ነግሯታል፣ ጁወይሪያ ለሳምራ ደውላለች። ሳምራ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ድምፁ ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ተከፍቷል፤ ከውስጡ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ልጅቷ ስታለቅስ ቆይታ ዓይኗ አብጧል። ከዲጃ ስትገባ ግን ማልቀሷን አቆመች፣ ባዕድ ሰው እንደመጣ።

«ጁወይሪያ» አለች ከዲጃ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ «እህቴ፣ ሰማሽ አይደል? እኔ እኮ… ወላሂ እኔ ላንቺ ብዬ ነው የተናገርኩት። ጋሼ ሌላ መንገድ የለም ስላሉኝ ነው። እንድትመጣልሽ ነው!»

ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አነሳችው።

«እርገሚኝ፣ ስደቢኝ፣ ብቻ አንድ ነገር በዪኝ!»

ጁወይሪያ ግን አልረገመችም። ስትናገር ድምፅዋ የተረጋጋ፣ የደከመ፣ ሊጠይቅ እንደመጣ እንግዳ ትሁት ነበር። «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ፣ ከዲዬ» አለች። «አላህ ያሳድግልሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰው ይህን የሚለው አራስ ሲጠይቅ ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ጎበሳ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ እንደተነሱ፣ ሴቶቹ በሙሉ የወለደችውን ከዲጃን አልፈው ሕፃኗን ታቅፋ ለተቀመጠችው ለጁወይሪያ አሉት፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ስለሆነ። ከዲጃ ጡቶቿን በጨርቅ አስራ ከግድግዳው ጥግ ትሰማ ነበር። ለእሷ ይህን እስከዚች ቀን ድረስ ብሏት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።